ሰባት ቦታ የታጠፈ ሲባጎ

ያን ሐሙስ ወደ ልጄ ትምህርት ቤት ስሄድ ፍርዴን አስቀድሜ ጽፌ በደረት ኪሴ ይዤ ነበር። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ የሰፈረ ሁለት መስመር ነው፦ «ኢንተርኔቱ ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ወደ ጽሕፈት ቤት ይዛወር። ልጆቹ በደብተርና በእርሳስ ይማሩ።» ከሥሩ ፈርሜበታለሁ። የቀረኝ ክፍሉን ማየት ብቻ ነበር። ዛሬ ሳስበው ቅደም ተከተሉ ያሳፍረኛል። ሳይለካ ላሜራ የሚቆርጥ ሰው ባገኝ ከሱቄ አባርረው ነበር።

እኔ አዳማ ውስጥ ላሜራ ሠራተኛ ነኝ። ባልዲ፣ አሸንዳ፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ የከሰል ምድጃ እሠራለሁ። በልጄ ትምህርት ቤት ደግሞ የወላጆችና የመምህራን ኮሚቴ አባል ነኝ። የአራተኛ ክፍሏ መምህርት ሐሙስ ሐሙስ ንባብና ሒሳብ በኢንተርኔት ማስተማር ከጀመረች ወዲህ አንዳንድ ወላጆች ማጉረምረም ጀምረው ነበር። ልጆቻችን ቤት ሲገቡ ስልክ ስልክ ይሉብናል፣ ክፍል ውስጥም ሲኒማ ነው የሚያዩት አሉ። ከሁሉም ይልቅ ያጉረመረምኩት እኔ ነኝ። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ንግግር አያበዙም። «አንተ መሣቅ አታውቅም፣ ማንም አያታልልህም። ሄደህ ተቀመጥና ያየኸውን ቅዳሜ ንገረን። በአንተ ቃል እንወስናለን» አሉኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። የአርባ ምናምን ልጆች የሐሙስ ትምህርት በአንድ ላሜራ ሠራተኛ ምላስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔን ያስቆጣኝ የሌላ ሰው ልጅ አልነበረም። የራሴ ልጅ ናት። የመጨረሻ ልጄ አራተኛ ክፍል ደርሳ ማንበብ አትችልም ነበር፤ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጣትና መጽሐፏን ታወጣለች። እኔ መቀሴን ይዤ ከፊቷ እቆማለሁ። ሁለተኛው ቃል ላይ ትደናቀፋለች። «ድገሚ» እላታለሁ። ትደግማለች፤ አሁን ደግሞ የመጀመሪያው ቃል ላይ ትደናቀፋለች። «ድገሚ!» ድምጿ እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል። እናቷ ከጓሮ «ኧረ ተዋት፣ ልጅቷን እንደ ቆርቆሮ ቀጠቀጥካት» ትለኛለች። እኔ ግን ጥፋቱን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ያ ግድግዳ ላይ የሚበራ ነገር አእምሮዋን ወስዶታል ብዬ ነበር።

ደግሞም እኔ ያለ ማንም ነው የተማርኩት። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። በቤት ተናግሬዋለሁ፣ በጸሎት ቤታችን ምስክርነት ስሰጥ ተናግሬዋለሁ፣ በኮሚቴውም ተናግሬዋለሁ። የተወለድኩት ዓለም ጤና ሽንኩርት ማሳ ዳር ነው። የክፍል በር ረግጬ አላውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አዳማ መጥቼ አንድ ላሜራ ሠራተኛ ዘንድ ተቀጠርኩ። የሱቁ ግድግዳ ንፋስ እንዳያስገባ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር። ፊደል የለየሁት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

ክብ ነገር መሥራት ግን ከፊደል ይበልጥ አስቸግሮኛል። ባልዲ ለመሥራት ጠፍጣፋ ላሜራ ትቆርጥና ትጠቀልላለህ። የባልዲው አፍ ይህን ያህል ይስፋ ብለህ ስትነሣ ላሜራው ስንት ይርዘም? አሠሪዬ «ሦስት እጥፍና አንድ አውራ ጣት» ይል ነበር። ለትንሽ ጣሳ ይሠራል። ለባልዲ ያጥራል፣ ለውሃ በርሜልማ ጭራሽ አይገናኝም። ብዙ ላሜራ አበላሸሁ፣ ብዙ ተሰደብኩ። ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር ደረስኩበት። የአፉን ስፋት በሲባጎ እለካለሁ፤ ሲባጎውን ላሜራው ላይ ሦስት ጊዜ እዘረጋለሁ፤ ከዚያ ያንኑ ሲባጎ ሰባት ቦታ አጥፌ ከሰባቱ አንዱን እጨምራለሁ። ሁሌም ይገጥማል። ይህን ለማንም አልነገርኩም። የእኔና የእግዚአብሔር ምስጢር ነው ብዬ ይዤው ኖርኩ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ኩራት ተሞልቼ ነው ያን ሐሙስ አራተኛ ክፍል የገባሁት።

መምህርቷ ከሃያ ምናምን የማትበልጥ ቀጭን ልጅ ናት። «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብላ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ወንበሩ የልጅ ነው። አንዱ ለሌላው ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፦ «እየው፣ ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደረሰ።» «ዝም በል፣ የእሷ አባት ነው፣ ይማታል።» ልጄ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝና ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ያቺን የትከሻ እንቅስቃሴ ከሱቄ አውቃታለሁ።

መምህርቷ ላፕቶፗን ከፈተች። መስኮቱ ብረት ላይ በሽቦ የታሰረች ትንሽ ራውተር አረንጓዴ ብልጭ አለች። ነጭ የተቀባው ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ሌላ ክፍል ታየ፦ ሌላ ጥቁር ሰሌዳ፣ ሌሎች ልጆች፣ ሌላ መምህር። ሐይቅ ዳር ያለችው የባቱ ከተማ ልጆች ናቸው። «አካም ጅርቱ!» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ጮኹ። የእኛዎቹ «ነጋ!» ብለው መለሱ፤ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ሲኒማው ይህ ነው አልኩ በልቤ።

የሚሠሩትን ቀስ በቀስ ተረዳሁት። እያንዳንዱ ልጅ በአካባቢው ያለ አንድ ክብ ነገር ይመርጣል፣ ስፋቱንና ዙሪያውን ይለካል፣ ስለዚያ ነገር አጭር ጽሑፍ ይጽፋል። ከዚያ ለማዶው ክፍል ያነብበዋል። የማዶዎቹ የሰሙትን እየጻፉ ደብተራቸውን ወደ ካሜራው ያነሣሉ። አንባቢው ተንተባትቦ ከሆነ ጽሑፉ ተዘበራርቆ ይመጣል፤ አጥርቶ አንብቦ ከሆነ የራሱ ቃል በማያውቀው ልጅ የእጅ ጽሑፍ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ይታየዋል። አንድ የባቱ ልጅ ስለ ባጃጃቸው ጎማ እያነበበ ሳለ ምስሉ ደረቀ። «አፉን እንደከፈተ ቀረ!» ብለው ሳቁ። «ኔትወርክ ሄደ!» እኔ ሰዓቴን አወጣሁ፤ ስንት ደቂቃ ሥራ ፈትተው እንደሚቀመጡ ለኮሚቴው ልናገር ነው። መምህርቷ ግን እጇን አንድ ጊዜ አጨበጨበች። ልጆቹ እስከዚያ የጻፉትን ከጎን ካለው ልጅ ጋር ተለዋውጠው ማረም ጀመሩ። አንዷ ጓደኛዋን «ጎማው ‹ይዞራል› ነው ያለው፣ አንተ ‹ይዘራል› ብለሃል፤ ጎማ ገበሬ ነው እንዴ?» አለችው። መስመሩ ሲመለስ ማንም ያስተዋለ አይመስልም ነበር። ሰዓቴን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ቀጥሎ የልጄ ተራ ሆነ።

ደብተሯን ይዛ ከላፕቶፑ ፊት ቆመች። ፊቷ ወደ ክፍሉ ነው፤ ማለት ወደ እኔ። «አባ...» አለች። «አባቴ... ባ...» ድምጿ ቀጠነ። ልክ እንደ ሱቁ። ከንፈሬ ላይ «ድገሚ» የምትለው ቃል ስትመጣ ተሰማኝ። በዚያን ጊዜ መምህርቷ ወደ እኔ መጣችና ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያዞሩልኛል?» አለችኝ።

በዕድሜዬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። የኮሚቴ አባል ነኝ፣ ላየው የመጣሁትን ነገር አትይ ተባልኩ። ደሜ ፈላ። ነገር ግን የመምህርቷ ዓይን ውስጥ ንቀት አልነበረም። ዞርኩ። ከመስኮቱ ውጭ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ አለ፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ነው። እሱን እያየሁ ቆየሁ።

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ተነሣ።

«አባቴ ባልዲ ይሠራል። ባልዲ ከመሥራቱ በፊት የአፉን ስፋት በሲባጎ ይለካል። ሲባጎውን ላሜራው ላይ ሦስት ጊዜ ይዘረጋል። ከዚያ ያንኑ ሲባጎ ሰባት ቦታ ያጥፈዋል። ከሰባቱ አንዱን ይጨምራል። ለምን ሰባት እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ሥራ ላይ ሲሆን አይጠየቅም። ግን ባልዲው አያፈስም።»

አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። ነጥቡ ጋ ስትደርስ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። የማን ድምፅ ነው ብዬ ልዞር ነበር። የልጄ ነው። ይህ ድምፅ ስንት ጊዜ እዚህ ክፍል ውስጥ እንዲህ ሲያነብ ኖሯል? ማንበብ የማትችለው ከእኔ ፊት ብቻ ነበር። ጥፋተኛውን ግድግዳው ላይ ስፈልግ ከርሜያለሁ፤ እሱ መቀስ ይዞ በርጩማው ፊት ቆሞ ነበር።

«አሁን ይዙሩ፣ ጋሼ» አለችኝ መምህርቷ።

ስዞር የባቱ ልጆች ደብተራቸውን ወደ ካሜራው አንሥተዋል። በእርሳስ፣ ዘንበል ባለ የልጅ ጽሑፍ፣ ግድግዳው ላይ የእኔ ሱቅ ተጽፏል። «ሥራ ላይ ሲሆን አይጠየቅም» የምትለዋም አለች፤ አንዷ ልጅ ከሥሯ አስምራባታለች። የልጄ ድምፅ ከአዳማ ተነሥቶ፣ ሞጆን አልፎ፣ እኔ አንድ ፊደል ሳልለይ ሽንኩርት ስነቅል ያደግኩበትን ዓለም ጤናን አልፎ፣ መቂንም አልፎ ባቱ ደረሰ፤ አሁን ደግሞ ተጽፎ ተመለሰ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ባልዲ ተሞልቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ ነው። አፌን ከፍቼ እንደነበር የገባኝ አንድ ልጅ «የእሷ አባትም ኔትወርኩ ሄደ» ሲል ነው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም፣ መሣቅ የማላውቀው፣ ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

ከዚያ ከባቱ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ልጅ ጠየቀ፦ «ሰባት ቦታ እንዴት ነው የሚታጠፈው? ሁለት ይታጠፋል፣ አራት ይታጠፋል፣ ስምንትም ይታጠፋል። ሰባት እምቢ አለን።»

የሙያ ጥያቄ ነው። ዕድሜ ልኬን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ልጄ ወደ እኔ አየች። «እሱን... ልጠይቀው?» አለች ለመምህርቷ፤ «ሥራ ላይ አይደለም።»

ተነሥቼ ወደ ፊት ሄድኩ። ሲባጎ ከኪሴ አይለይም። «ሰባት አይታጠፍም፣ ይሸመናል» አልኳቸው። የግራና የቀኝ አመልካች ጣቶቼን አቁሜ ሲባጎውን በመካከላቸው ወዲያና ወዲህ አመላለስኩት፤ ሰባት መስመር እስኪሆን ድረስ። ጫፉ ጣቴ ላይ ሳይደርስ ከቀረ ጣቶቼን አቀራርባለሁ፣ ከተረፈ አራርቃለሁ። ጫፉ ልክ ጣቴ ላይ ሲያርፍ በጣቶቼ መካከል ያለው ርቀት ከሰባት አንዱ ነው። ባቱ ውስጥ ሃያና ሠላሳ ጥንድ ጣቶች ተነሡ። ጫማ ክራቸውን ፈትተው የሞከሩም ነበሩ።

በዚህ መሐል ከባቱ አንዲት ልጅ ጮኸች። «ቆዩ፣ ቆዩ! የዓሣ ሳፋችን!» ቀደም ሲል ሳፋቸውን ለክተዋል፤ ስፋቱ አርባ ዘጠኝ ሳንቲሜትር፣ ዙሪያው መቶ ሃምሳ አራት። ሰሌዳቸው ላይ እየጻፈች አሰላችው። ሦስት ጊዜ አርባ ዘጠኝ፣ መቶ አርባ ሰባት። ሰባት ይተርፋል። «አርባ ዘጠኝን ለሰባት ስናካፍል... ሰባት! ሰባት ነው! የባልዲው ነው!» ሁለቱም ክፍሎች አንድ ላይ ጮኹ። አንዱ «በአጋጣሚ ነው» ብሎ ተከራከራቸው። «እሺ፣ ደወሉን!» አለችው። የእነሱም ደወል ቸርኬ ነው፤ ስፋቱ ሠላሳ አምስት፣ ዙሪያው መቶ አሥር። ሦስት ጊዜ ሠላሳ አምስት መቶ አምስት፤ አምስት ይተርፋል። ሠላሳ አምስት ለሰባት፣ አምስት።

ቁጥሮቹን እንዳልረሳ ወረቀት ፈለግኩ። ደረት ኪሴ ውስጥ የነበረችውን አወጣሁና በጀርባዋ ላይ ጻፍኩ። የትኛዋ ወረቀት እንደሆነች ጽፌ ስጨርስ ነው ያየሁት።

እኔ ባቱ ሄጄ ያንን ሳፋ አልነካሁትም። ያ ቸርኬ ከየትኛው መኪና እንደወጣ አላውቅም። ምስጢሬ ግን እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የእኔ ባልዲ ጠባይ የመሰለኝ ነገር የዓለም ክብ ሁሉ ጠባይ ሆኖ ተገኘ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ መምህርቷን «ይህን ማን ነገራቸው?» አልኳት።

«ዛሬ? እርስዎ ነዎት የነገሯቸው» አለችኝ። ቀጠል አድርጋ፣ «ከፍ ሲሉ በስሙ ይማሩታል። ከሰባት አንድ ግን ልክ አይደለም ጋሼ፤ እውነተኛው በጣም ትንሽ ያንሳል። ለባልዲ አይታወቅም።»

አግዳሚው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለትልልቅ በርሜሎች ስቆርጥ የጥፍር ውፍረት ያህል ሁልጊዜ ይተርፈኝ ነበር። ለዓመታት መቀሴን ስወቅስ፣ መቀሴን ስስል ኖሬአለሁ። መቀሱ ጥፋት አልነበረበትም።

ከዚያም በላይ የነካኝን ነገር ልናገር። የባቱ ልጆች ሲጠይቁኝ ያ ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ ትዝ አለኝ። ፊደል የለየሁት ከግድግዳው ነው እላለሁ፤ ግድግዳ ግን አይናገርም። ባልዲ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ በጣቴ አንዲት ፊደል እያሳየሁ «ይቺ ማን ናት?» እጠይቅ ነበር። ጋሪ ነጂው «ለ» ብሎኛል። አንዲት ጎመን ሻጭ «ኧ፣ እሷማ ‹ሸ› ናት፣ የእኔ ስም መጀመሪያ» ብላኛለች። አንድ ሼክ፣ አንድ የአየር ኃይል ወታደር ከቢሾፍቱ፣ ስንቱ። እያንዳንዳቸው አንዲት ፊደል ሰጥተውኝ ሄዱ። ያለ ማንም ተማርኩ ስል የኖርኩት ሐሰት ነው። በመቶ ሰው ነው የተማርኩት። አንዱንም አላመሰገንኩም። እነዚህ ልጆች የሚሠሩት እኔ የሠራሁትን ነው፤ የማያውቁትን ከሚያውቅ ይጠይቃሉ። ልዩነቱ የእኔ ደንበኛ በሱቁ በር እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረብኝ፤ የእነሱ በር ግን እስከ ባቱ ተከፍቷል።

ቅዳሜ በኮሚቴው ፊት ቆምኩ። ወረቀቷን አወጣሁና የፊቱን ገጽ አነበብኩ፦ ይዛወር፣ በደብተርና በእርሳስ ይማሩ። ከዚያ ገልብጬ የጀርባውን አነበብኩ፦ ሳፋ አርባ ዘጠኝ፣ መቶ ሃምሳ አራት፤ ደወል ሠላሳ አምስት፣ መቶ አሥር።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «የትኛው ነው ቃልህ?»

«ሁለቱም የእጅ ጽሑፌ ናቸው። የፊተኛውን የጻፍኩት ሳላይ ነው፣ የኋለኛውን አይቼ ነው» አልኩ። ልጄ ማንበብ የማትችለው እኔ መቀስ ይዤ ስቆምባት ብቻ እንደሆነም ተናገርኩ። ይህን ስናገር ጠረጴዛውን እያየሁ ነበር። «ደብተርና እርሳስ አልቀረም፤ እንዲያውም ከልጆቹ እጅ አልወረደም። ስልክ ቤት ውስጥ ለልጅ መስጠትን ግን ዛሬም እቃወማለሁ። ብቻውን የሚያፈጥበት ስልክና መምህር ቆማበት አርባ ልጅ የሚጠይቅበት ግድግዳ አንድ አይደሉም።»

«ሁለት ስብሰባ ሙሉ የጮህክብን ሰውዬ አንተ አይደለህም?» አለ አንድ አባል።

«ነኝ።»

ሰብሳቢዋ ወረቀቷን ተቀብለው ሁለቱንም ገጽ ተመለከቱና መዝገባቸው ውስጥ አስገቧት። «እንግዲህ መቀሱን ጣለ» አሉ። ሐሙስ ባለበት ቀጠለ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ እንደ ልማዷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ወደ ላይ እንደተሰበሰበ መጽሐፏን አወጣች። እኔ መቀሴን አስቀምጬ ፊቴን መሣሪያ ወደ ተሰቀለበት ግድግዳ አዞርኩ። ምን እንደሆንኩ ያልገባት መሰለኝ። ከዚያ ጀመረች። አንድ ቃል ላይ ቆመች፤ ምላሴን ነከስኩ። ራሷ ተመልሳ አነሣችውና አለፈችው። እናቷ ከጓሮ ብቅ ብላ፣ እኔን ግድግዳ ስመለከት አይታ ተመለሰች።

ገጹ ሲያልቅ ልጄ አልተነሣችም።

«አባዬ፣ አሁን ሥራ ላይ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ለምንድን ነው ሰባት የሆነው?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲባጎ ስሸምን ይህን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ከግድግዳው ዞርኩና ዓይኗን አየሁ።

«አላውቅም» አልኳት። «ሐሙስ ጠይቂልኝ።»